በማጓጓዝ ላይ የተጎዳ የስኩባ ሲሊንደር

የስኩባ ሲሊንደር ጠላቂዎች ውሃ ውስጥ የሚተነፍሱትን አየር በከፍተኛ ግፊት አምቆ የሚይዝ የአረብ ብረት ወይም የአሉሚኒየም ዕቃ ነው። በተለምዶ ታንክ ወይም ቦምቦላ ተብሎም ይጠራል። በመርከብ፣ በአውሮፕላን ወይም በመኪና ሲጓጓዝ ሊወድቅ፣ ከሌላ ጭነት ጋር ሊጋጭ፣ ሊፋተግ፣ ከልክ በላይ ሊሞቅ ወይም ቫልቩ ሊታጠፍ ይችላል። አካሉ የተጎዳ ሲሊንደር እንደ መኪና በር ተቃንቶ ወይም እንደ ውሃ ቧንቧ ተበይዶ ወደ ሥራ አይመለስም። ብቃት ባለው መርማሪ ታይቶ ወይ ያልፋል ወይ ይወገዳል፤ በሁለቱ መካከል ሌላ ደረጃ የለም።

ጉዳዩን ከተራ የዕቃ ጉዳት የሚለየው አደጋው የሚደርስበት ሰው ማንነት ነው። ሲሊንደሮች በአብዛኛው የሚፈነዱት ባሕር ውስጥ ሳይሆን አየር በሚሞሉበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ የደረሰ ጉዳት ሳይመረመር ቢታለፍ ዋጋውን የሚከፍለው ላኪው፣ አጓጓዡ ወይም ገዢው ሳይሆን መሙያው አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ስለ ዕቃው የጉዞ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ነገር የለም።

አሠራሩና በውስጡ የታመቀው ኃይል

ዘመናዊው የስኩባ መሣሪያ የተስፋፋው ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶ እና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 አኳ-ለንግ የተባለውን መተንፈሻ ከሠሩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሬጉሌተሩም ሆነ ሌላው የጠላቂ ትጥቅ ብዙ ተለውጧል፤ ሲሊንደሩ ግን በመሠረቱ ያው ነው። መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ከታች የተደፈነ፣ ከላይ ወደ ትከሻና አንገት የጠበበ ሲሆን በአንገቱ ውስጥ ቫልቭ የሚጠመድበት የብሎን ጥርስ አለው።

በመዝናኛ ጠለቃ በብዛት የሚታየው «አሉሚኒየም 80» የሚባለው ዓይነት ነው። ባዶውን ወደ 14 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የውስጥ መጠኑ 11.1 ሊትር፣ የውጭ ዲያሜትሩ 18.4 ሴንቲ ሜትር፣ የሥራ ግፊቱ 3,000 ፒኤስአይ (207 ባር) ነው። ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር ብቻውን ከ2.5 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ አየር ክብደት የለውም ብሎ ለሚያስብ ተማሪ ሙሉውንና ባዶውን ሲሊንደር በሚዛን ላይ እንደ ማየት ያለ ማስረጃ የለም። በአውሮፓ ደግሞ 12 ሊትር የሚይዝና እስከ 232 ባር የሚሞላ የአረብ ብረት ሲሊንደር የተለመደ ነው። አሉሚኒየም ከአረብ ብረት የለሰለሰ በመሆኑ ተመሳሳይ ግፊት ለመሸከም ወፍራም ግድግዳ ይፈልጋል። የ«አሉሚኒየም 80» ግድግዳ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን የአረብ ብረቱ ከዚህ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው።

ሙሉ «አሉሚኒየም 80» በድንገት ቢቀደድ የሚለቀው ኃይል በስሌት ወደ 450 ኪሎ ጁል ይጠጋል። ይህም 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ካለው የእንቅስቃሴ ኃይል ጋር ይተካከላል። ሲሊንደሩ ባይቀደድና ቫልቩ ብቻ ከአንገቱ ቢነቀል፣ በአንገቱ ቀዳዳ ተወርውሮ የሚወጣው አየር ዕቃውን ከራሱ ክብደት በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ወደ ኋላ ይገፋዋል። የኢንዱስትሪና የሕክምና ኦክስጅን ሲሊንደሮች በጉዞ ላይ ቫልቫቸውን የሚሸፍን የብረት ቆብ የሚደረግላቸው ለዚህ ነው። የስኩባ ሲሊንደር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቆብ የለውም።

በጉዞ ላይ የሚደርሱ ጉዳቶች

ቀድሞ የሚጎዳው ቫልቩ ነው። ከሲሊንደሩ አካል ተነጥሎ ስለቆመ ሲሊንደሩ በአፉ በኩል በወደቀ ቁጥር ምቱን የሚቀበለው እሱ ነው። ቫልቭ የሚሠራው በክሮም ከተለበጠ ነሐስ ሲሆን መዝጊያው በጎኑ ይወጣል። መዝጊያው ሲመታ በውስጡ ያለው ዘንግ ይታጠፍና ወይ አልዞርም ይላል፣ ወይ ደግሞ ይዞራል እንጂ አየሩን አጥብቆ አይዘጋም። ሬጉሌተሩ በማቀፊያ በሚታሰርበት የቫልቭ ዓይነት ላይ የጎማ ቀለበቱ (ኦ-ሪንጉ) የሚቀመጥበት ጠርዝ ትንሽ እንኳ ቢጨፈለቅ ቀለበቱ በግፊት ተገፍቶ ይወጣል። ሬጉሌተሩ ወደ ውስጥ በሚጠመድበት ዲን በተባለው ዓይነት ደግሞ የአፉ ክብነት በምት ሊጣመም ይችላል፤ ያን ጊዜ ሬጉሌተሩ ጨርሶ አልገባም ይላል። ይህኛው ሰውን የሚያናድድ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ አደጋ የሌለው ጉዳት ነው፤ ማንም ሳያየው አያልፍምና። ሁለት ሲሊንደሮችን በሚያገናኝ ማኒፎልድ የተጣመሩ ከሆነ አንደኛው በተንሸራተተ ቁጥር የማገናኛው ቧንቧ ይጣመማል። በዚህ ምክንያት ጥንድ ሲሊንደሮችን ፈትቶ ለየብቻ መላክ ይመረጣል።

በአካሉ ላይ የሚደርሱት ጉዳቶች ስርጉደት፣ ቡጭቅ፣ ስንጥቅና እብጠት ናቸው። ስርጉደት ማለት ብረቱ ሳይቀነስ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ቡጭቅ ግን ስለታም ነገር፣ ለምሳሌ የፎርክሊፍት ጥርስ ወይም ከፓሌት የወጣ ምስማር፣ ከብረቱ ላይ ጥቂቱን ፍቆ ሲወስደው የሚቀር ጠባብ ቦይ ነው። ላየው ሰው ሰፊ ስርጉደት ከቀጭን ቡጭቅ ይልቅ ያስፈራል። በብረት ጠባይ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ሲሊንደር በተሞላና በተለቀቀ ቁጥር ግድግዳው በጥቂቱ ይወጠራል፣ ይመለሳል። ውጥረቱ በለስላሳ ስርጉደት ላይ ሲበተን በጠባብ ቦይ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። እዚያው ላይ የሚጀምር ስንጥቅ በየሙሌቱ ጥቂት በጥቂት ይረዝማል። በዚህ የተነሳ የተጎዳ ሲሊንደር የመጀመሪያውን ሙሌት ችሎ ማለፉ ለሃምሳኛው ዋስትና አይሆንም። እብጠት ከሆነ ደግሞ ምንም ዓይነት ክርክር የለም። ወደ ውጭ የተነፋ ግድግዳ ብረቱ ከመለጠጥ አቅሙ ማለፉን ስለሚያሳይ ሲሊንደሩ ወዲያውኑ ይወገዳል።

የአረብ ብረት ሲሊንደሮች መቀመጫቸው ብዙ ጊዜ ክብ ስለሆነ ለማቆም የላስቲክ ጫማ ይደረግላቸዋል። ጫማው በጉዞ ላይ ምት ያበርዳል፤ ዳሩ ግን ከሥሩ የተሰበሰበ የጨው ውሃ የሚያመጣውን ዝገትና የወደቀበትን ምልክት ይደብቃል። ሲሊንደሩን ከዝርግርግ የሚጠብቀው የላስቲክ መረብም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ካልወለቁ ሲሊንደሩ ታየ አይባልም።

በውስጡ የሚደርሰው ጉዳት ለማየት ይከብዳል። ሲሊንደሮች ቫልቫቸው ተዘግቶ ጥቂት ግፊት ቀርቶባቸው ቢላኩ የውጭ እርጥበት አይገባባቸውም። ነገር ግን በመንገድ ላይ ያለ ተቆጣጣሪ ባዶ መሆኑን ለማረጋገጥ ቫልቩን ከፍቶ እንዳይተወው ምንም አይከለክለውም። ለሳምንታት ባሕር ላይ በቆየ ኮንቴይነር ውስጥ ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ እርጥብ አየር ይገባል፣ በግድግዳው ላይም ጤዛ ይሆናል። ለአሉሚኒየም ይህ ያን ያህል አያሰጋም፤ የአረብ ብረት ግን ይዝጋል። ዝገት ግድግዳውን ከማሳሳቱም በላይ ለመፈጠር ኦክስጅን ይፈልጋል። ተሞልቶ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ የዛገ ሲሊንደር አየር የኦክስጅን መጠኑ ቀንሶ ጠላቂውን ራሱን ሊያስት ይችላል። ከዚህ ሌላ ከቫልቩ ሥር ወደ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ በምት ሊሰበር ይችላል። ባዶ ሲሊንደር ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ድምፅ ካለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሙቀትን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 200 ባር የተሞላ ሲሊንደር ፀሐይ ላይ በቆመ ኮንቴይነር ውስጥ 60 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ወደ 227 ባር ከፍ ይላል። ሲሊንደሩ ከዚህ በላይ በሆነ ግፊት ስለሚፈተሽ ይህ ብቻውን አያፈነዳውም። እሳት ግን ሌላ ነው። የአሉሚኒየም ሲሊንደር ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ታክሞ በመሆኑ ዳግመኛ መጋገር ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ከ350 ዲግሪ ፋራናይት (177 ዲግሪ ሴልሺየስ) በላይ የሞቀ የአሉሚኒየም ሲሊንደር መወገድ አለበት። በመጋዘን ቃጠሎ ውስጥ ያለፈ፣ ቀለሙ ያረረ ወይም የላስቲክ ክፍሎቹ የቀለጡ ሲሊንደር ቅርጹ ምንም ያልተነካ ቢመስልም የሚጣለው በዚህ ምክንያት ነው።

የካንታስ በረራ 30

ሲሊንደር በጭነት ክፍል ውስጥ ሲፈነዳ ምን እንደሚያደርግ በደንብ ተመርምሮ የተመዘገበ አንድ አጋጣሚ አለ። ሐምሌ 18 ቀን 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2008) ከሆንግ ኮንግ ወደ ሜልቦርን ይበር የነበረ የካንታስ ቦይንግ 747 አውሮፕላን 365 ሰዎችን ይዞ በ29,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ ከጭነት ክፍሉ አጠገብ ከተደረደሩት የድንገተኛ ጊዜ ኦክስጅን ሲሊንደሮች አንዱ ፈነዳ። በአውሮፕላኑ ጎን ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ቀዳዳ ተከፈተ። ሲሊንደሩ ወለሉን በስቶ ወደ መንገደኞች ክፍል ከወጣ በኋላ የበሩን እጀታ መትቶ በመጣበት ተመልሶ ባሕር ውስጥ ወደቀ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ማኒላ ላይ በሰላም አሳረፉት፤ የተጎዳ ሰውም አልነበረም።

የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ሲሊንደሩ ለምን እንደተሰበረ በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም፤ ዋናው ማስረጃ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ራሱ፣ ከባሕር አልተገኘምና። ሲሊንደሩ የስኩባ አልነበረም፤ በጉዞ ላይ የተጎዳ ስለመሆኑም ማስረጃ የለም። የተሞላበት ግፊትም ከስኩባ ሲሊንደር የሥራ ግፊት ያነሰ ነበር። ሆኖም በአየር መንገዶች ዘንድ ሙሉ ሲሊንደር ለምን እንደ ተራ ሻንጣ እንደማይታይ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሲሊንደሩ ሲደርስ

በሲሊንደር ላይ የደረሰ ጉዳት መጀመሪያ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በማሸጊያው ነው። የተቀደደ ካርቶን፣ የተሰበረ ፓሌት ወይም በአንድ በኩል የተጨፈለቀ ሳጥን ካለ ማሸጊያው ከመጣሉ በፊት ከነሲሊንደሩ ፎቶግራፍ መነሳት አለበት። ተረካቢው በርክክብ ሰነዱ ላይ ከመፈረሙ በፊት ያየውን ጉዳት እዚያው ላይ ይጽፋል። «ከነሙሉ ደህንነቱ ተረክቤያለሁ» ተብሎ ከተፈረመ በኋላ የሚነሳ ክርክር ለተረካቢው ይከብዳል።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ሲሊንደሩ ግፊት አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ባዶ ነው ተብሎ የተላከ ሁሉ ባዶ አይደለም። የሚያፏጭ ድምፅ ካለ ሲሊንደሩ ወደ አየር ወዳለበት ቦታ ይወሰድና እንዳይንከባለል ተደርጎ በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ ይተዋል። ቫልቩን በመፍቻ አጥብቆ ፍሳሹን ለማቆም መሞከር ትልቅ ስህተት ነው። የተጎዳ ጥርስ በግፊት ሥር ሲነካ ሊለቅ ይችላል፤ ከአንገቱ ላይ ቫልቭ የሚነካው ሲሊንደሩ ጨርሶ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። በውስጡ ያለው ተራ አየር ከሆነ መውጣቱ አይመርዝም። ጠላቂዎች ደረቅ ልብሳቸውን የሚነፉበት አርገን ከሆነ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አየሩን ተክቶ ሰው ሊያፍን ይችላል።

ሲሊንደሩ ጨርሶ ባዶ ሆኖና ቫልቩ ተከፍቶ ከደረሰም ዝም ተብሎ አይሞላም። ምን እንደገባበት ስለማይታወቅ ቫልቩ ወልቆ ውስጡ በመብራት ይታያል። ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ላለው ድብልቅ ተብሎ የጸዳ ሲሊንደር ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። አንገቱን ለመሸፈን የተለጠፈ ፕላስተር ሙጫ ወይም የእጅ ቅባት እንኳ ኦክስጅን ሲያገኝ ሊቀጣጠል ስለሚችል እንደገና መጽዳት ይኖርበታል።

ምርመራ

በአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ ሲሊንደሮች በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተሻሉ። ስርጉደት፣ ዝገት፣ ስንጥቅ፣ መፋተግ፣ ፍሳሽ ወይም የሙቀት ጉዳት የታየበት ሲሊንደር ግን ቀኑ ሳይጠበቅ እንደገና መፈተሽ አለበት። ስለዚህ «የፍተሻ ጊዜው ገና ነው፣ ማህተሙ አዲስ ነው» የሚለው ምላሽ ለተጎዳ ሲሊንደር አይሠራም። ማህተሙ የሚመሰክረው በተመታበት ቀን ስለነበረው ሁኔታ ብቻ ነው።

መርማሪው በመጀመሪያ የሚያነበው በትከሻው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ የተሠራበት መስፈርት፣ የሥራ ግፊቱ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የአምራቹ ምልክትና የፍተሻ ቀኖቹ ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ በፍትጊያ ጠፍቶ የማይነበብ ከሆነ ብረቱ ደህና ቢሆን እንኳ ሲሊንደሩን መሙላት አይቻልም፤ እስከ ስንት ግፊት እንደሚሞላ የሚናገረው እሱ ብቻ ነውና። ከዚያ በኋላ አካሉ ከውጭ በብርሃንና በእጅ፣ ከውስጥ በአምፖልና በመስታወት ወይም በትንሽ ካሜራ ይታያል። የስርጉደትና የቡጭቅ ጥልቀት በመለኪያ ይወሰድና ከግድግዳው ውፍረትና ከሲሊንደሩ ስፋት አንጻር ይመዘናል። በአይን ግምት «ይሄማ ምንም አይደለም» ማለት በዚህ ሙያ ውስጥ ቦታ የለውም።

በውሃ ግፊት ፍተሻ ጊዜ ሲሊንደሩ ውሃ ተሞልቶ ሌላ ውሃ በያዘ በርሜል ውስጥ ይዘጋና ከሥራ ግፊቱ በላይ ይጫናል። ለ«አሉሚኒየም 80» የፍተሻው ግፊት 5,000 ፒኤስአይ ነው፤ ይህም ከሥራ ግፊቱ አምስት ሦስተኛ መሆኑ ነው። በአውሮፓ ደግሞ የ232 ባር ሲሊንደር በ348 ባር ይፈተሻል። ሲሊንደሩ ሲነፋ ከበርሜሉ ተገፍቶ የሚወጣው ውሃ ይለካል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ደግሞ ምን ያህል እንደተመለሰ ይታያል። ሳይመለስ የቀረው መስፋት ከጠቅላላው መስፋት ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ሲሊንደሩ ወድቋል። አየር ሳይሆን ውሃ የሚመረጠው ውሃ በጣም ጥቂት ብቻ ስለሚታመቅ ሲሊንደሩ ቢቀደድ እንኳ እንደ አየር ስለማይፈነዳ ነው።

ይህ ፍተሻ ሁሉን ያውቃል ብሎ ማሰብ ግን የተለመደ ስህተት ነው። የሚለካው የግድግዳውን አጠቃላይ የመለጠጥ ጠባይ ስለሆነ ገና የጀመረ ስንጥቅ ወይም ጠባብ ቡጭቅ ያለበት ሲሊንደር ፍተሻውን ሊያልፍ ይችላል። በዓይን የሚደረገው ምርመራ ከውሃው ፍተሻ ጋር ተጣምሮ የሚሠራው ስለዚህ ነው።

ሲደርስ የታየ ጉድለት ሁሉ በመንገድ ላይ የደረሰ ላይሆንም ይችላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ 6351 ከተባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠሩ አሮጌ ሲሊንደሮች ናቸው። በእነዚህ ላይ ለረጅም ዘመን በግፊት ሥር ከመቆየት የተነሳ በአንገትና በትከሻ አካባቢ ስንጥቅ የሚፈጠርበት ጊዜ አለ። ሉክስፈር የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ1988 ይህን ቅይጥ ትቶ ወደ 6061 ተሻግሯል። አሮጌዎቹን ለሚፈትሽ ሰው የአንገታቸውን ጥርስ በኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመረምረው የኤዲ ከረንት መሣሪያ በአሜሪካ ግዴታ ነው። ያገለገለ ሲሊንደር ከሩቅ አገር ገዝቶ ያስመጣ ሰው በአንገቱ ላይ ስንጥቅ ቢያገኝ አጓጓዡን ከመክሰሱ በፊት የተሠራበትን ዓመትና ቅይጡን ማየት ይጠቅመዋል።

የሚጠገነውና የማይጠገነው

ቫልቭ ይጠገናል ወይም ይቀየራል። የታጠፈ ዘንግ፣ የተሰበረ መዝጊያ፣ የተጎዳ የጎማ ቀለበት ወይም ግፊት ከልክ ሲያልፍ የሚበሳው የደህንነት ዲስክ በአምራቹ መለዋወጫ ይተካሉ። በተጎዳ ቫልቭ ላይ ከመድከም ሙሉውን መቀየር ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

በመቀየሩ ላይ ግን አንድ አደገኛ ወጥመድ አለ። በአሜሪካ ሲሊንደሮች አንገት ላይ ያለው ጥርስ በኢንች የሚለካ የሦስት አራተኛ ኢንች ጥርስ ሲሆን በዘመናዊ የአውሮፓ ሲሊንደሮች ላይ ያለው ኤም 25 የተባለ የሚሊ ሜትር ጥርስ ነው። ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ። ኤም 25 ቫልቭ ትንሽ ሰፋ ባለው የኢንች አንገት ውስጥ የገባና የያዘ ይመስላል፤ ግፊት ሲሞላበት ግን ጥቂት የተነካኩ ጥርሶቹ ይለቁና ቫልቩ እንደ ጥይት ይወረወራል። በዚህ ዓይነት ስህተት ሰዎች ተጎድተዋል። ስለዚህ በጉዞ ላይ የተሰበረ ቫልቭ ሲተካ በሁለቱም ላይ የተቀረጸው የጥርስ ዓይነት መነበብ አለበት፤ «ገባ» ማለት «ገጠመ» ማለት አይደለም።

አካሉ ላይ ግን ብየዳ፣ በመዶሻ ማቃናት፣ በሙሊት መድፈን ወይም ጉዳቱን በቀለም መሸፈን አይፈቀድም። ብየዳ የብረቱን የሙቀት ሕክምና ያበላሻል፤ ቀለም ደግሞ የሚቀጥለው መርማሪ ማየት ያለበትን ይጋርዳል። ሲሊንደርን በምድጃ በሚጋገር የዱቄት ቀለም ማሳመርም ለአሉሚኒየም አደገኛ ነው። በካርቦን ጭረት በተጠቀለሉ ቀላል ሲሊንደሮች ላይ ነገሩ ይባስ ይከብዳል። ከውጭ ምንም የማይታይበት ምት ከውስጥ የጭረቶቹን ንብርብር ሊለያይ ስለሚችል መውደቁ የታወቀ ሲሊንደር ሁሉ ለልዩ ምርመራ ይላካል።

የካሳ ጥያቄ

ጉዳት የደረሰበት ባለቤት መብቱን የሚያጣው ብዙ ጊዜ ሳይጽፍ በመቆየቱ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት በሚገዛው ዓለም አቀፍ በረራ ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀናት፣ ለተጎዳ ጭነት በ14 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ክስ የሚቀርበው ደግሞ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። በባሕር ጭነት በሄግ-ቪስቢ ደንቦች መሠረት በግልጽ የሚታይ ጉዳት በርክክብ ጊዜ፣ የማይታየው በ3 ቀናት ውስጥ መነገር ያለበት ሲሆን የክስ ጊዜው 1 ዓመት ነው። በአውሮፓ የየብስ ማጓጓዣ ስምምነት ለማይታይ ጉዳት የተሰጠው ጊዜ እሁድና የበዓል ቀናት ሳይቆጠሩ 7 ቀን ነው።

የሲሊንደር ጉዳይ ከሌላው ዕቃ የሚከብደው ዋጋ በማስላቱ ላይ ነው። አጓጓዡ ትንሽ ስርጉደት አይቶ «የመልክ ጉዳት ነው» ሊል ይችላል። መርማሪው ከጣለው ግን ዕቃው ከቁርጥራጭ ብረት በላይ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ጠቃሚው ማስረጃ መለያ ቁጥሩን፣ የጉዳቱን ልክና የተጣለበትን ምክንያት የሚገልጽ የመርማሪው ጽሑፍ ነው። ከመላኩ በፊት የተነሳ ፎቶግራፍ ካለ ይበልጥ ያጠናክረዋል። ሲሊንደሩ የመድን ገማቹ ሳያየው መቆረጥ የለበትም። በሌላ በኩል ስምምነቶቹ አጓጓዡን በላኪው ደካማ ማሸግ ከመጣ ጉዳት ነፃ ስለሚያደርጉት፣ ሲሊንደርን በአንድ ንጣፍ ካርቶን ጠቅልሎ የላከ ሰው ካሳ ለማግኘት ይቸገራል።

አሻሻግና የማጓጓዣ ደንቦች

በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ዝርዝር የታመቀ አየር ቁጥር 1002 ሲሆን የሚመደበውም ከማይቀጣጠሉና ከማይመርዙ ጋዞች ክፍል 2.2 ውስጥ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ግፊቱ ከ200 ኪሎ ፓስካል (2 ባር) በታች የሆነ ሲሊንደር ግን በአየር ጉዞ ከዚህ ምድብ ውጭ ይሆናል። ለእርጥበት መከላከያ ጥቂት ግፊት ማስቀረት የሚቻለውም ከዚህ ጣሪያ በታች ነው። በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ደግሞ ሲሊንደር በሻንጣ የሚያልፈው ቫልቩ ጨርሶ ከወለቀና ውስጡን ማየት ከተቻለ ብቻ ነው። በብዙ የጠለቃ መዳረሻዎች፣ ለምሳሌ በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ፣ በእስራኤል ኤላትም ሆነ በጅቡቲ፣ ሲሊንደር እዚያው ስለሚከራይ አብዛኛው ጠላቂ ሬጉሌተሩን ይዞ ሲሊንደሩን ቤቱ ይተዋል፤ ብልህነትም ይኸው ነው።

መላክ ግድ ከሆነ ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ በመካከላቸው መለያ ተደርጎ ይታሰራሉ። የቫልቩ መዝጊያ በጎኑ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር እንዳይገናኝ ይደረጋል፤ የቫልቩ አፍም በክዳን ይዘጋል። ቫልቩ ከወለቀ አንገቱ በሚጠመድ የፕላስቲክ ክዳን እንጂ በፕላስተር ባይሸፈን ይመረጣል። ክብ ዕቃ በተሽከርካሪ ውስጥ መንከባለሉ ስለማይቀር ማሰሪያው ከማሸጊያው ያልተናነሰ ትኩረት ይፈልጋል።

የተወገዱ ሲሊንደሮች

በምርመራ የወደቀ ሲሊንደር በአሜሪካ ደንብ «የተወገደ» የሚል ምልክት ወይም በመስፈርቱና በግፊት ጽሑፉ ላይ የኤክስ ምልክት ይቀረጽበታል። ባለቤቱ ከተስማማ አንገቱ ይበላሻል ወይም አካሉ ይበሳል፤ ሌላ ሰው በስህተት ገዝቶ እንዳይሞላው የሚያስተማምነው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። አንዳንድ ጠላቂዎች ግን ከወገቡ ቆርጠው ደወል ያደርጉታል፤ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ እንደሚሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሲመታ ረጅምና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።